የዊንች ኬብል ተበጥሶ የወንድሜ እግር ተሰበረ፤ ሁሉም «እኔን አይመለከትም» ይላል

የአያቷ ልጅ

ሰላም ናችሁ? ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። አንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንጻ ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ በቀን 600 ብር። ሥራው ታች ሆኖ ብሎኬትና አሸዋ ዊንቹ (ዕቃ ወደ ፎቅ የሚያወጣው ማሽን) ሳጥን ላይ መጫን ነው። ባለፈው ወር ጭነቱ ስድስተኛ ፎቅ ሊደርስ ሲል ኬብሉ ተበጠሰ። ሳጥኑ ከነብሎኬቱ ወረደ። ሮጦ ሊያመልጥ ሲል ሳጥኑ መሬት መትቶ ተገለበጠና ግራ እግሩ ላይ አረፈ። ከጉልበቱ በታች ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረዋል። ብረት ገብቶለታል። ሐኪሙ ቢያንስ ለስድስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሳ ነግሮታል፣ ከዚያ በኋላም ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል አለ። ነፍሱ ተርፋለች፣ ተመስገን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ፎርማኑ ያን ዕለት በሚኒባስ ሆስፒታል አድርሶት መጀመሪያ የተጠየቀውን ገንዘብ ከፍሏል፣ እሱን አልክድም። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። እኔው ራሴ ሳይት ድረስ ሄድኩ። የቀጠረው ሰብ ኮንትራክተር (ከዋናው ኮንትራክተር ላይ ሥራ የተቀበለው) «ዊንቹ የኔ አይደለም፣ የኪራይ ነው፣ የተበላሸው ደግሞ ዕቃው ነው፣ ባለቤቱን ጠይቂ» አለኝ። ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። እሱ ደግሞ «እኔ ጤነኛ ማሽን ነው ያከራየሁት፣ ከአቅሙ በላይ ጭነው በጠሱት» ይላል። የዋናው ኮንትራክተር ቢሮ ስሄድ «ስሙ እኛ ፔሮል ላይ የለም» ብለው በር ላይ መለሱኝ። የጽሁፍ ውል የለውም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማኑ የያዘው ወረቀት ላይ እየፈረመ ነው ብሩን የሚቀበለው።

ትናንት ደግሞ ፎርማኑ ሰው ልኮ 50,000 ብር እንስጣችሁና «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ይፈርም አሉ። እማዬ ይፈርም ትላለች፣ ክስ ዕድሜ ይበላል ብላ። ለመድኃኒትና ለራጅ ብቻ እስካሁን ከዚያ የሚበልጥ አውጥተናል፣ ግማሹ ብድር ነው።

ውል ሳይኖር መጠየቅ ይቻላል? ይቻላል ከተባለስ ማንን? ብታውቁ ንገሩኝ።

---

ግራሶ

እህቴ እግዜር ይማረው። እኔ ዊንችና ሚክሰር ስጠግን ነው የኖርኩት። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይነግርሻል፣ እኔ ስለ ኬብሉ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚሸሹት ኬብሉን ምክንያት አድርገው ነው።

የብረት ኬብል ዝም ብሎ በአንድ ቀን አይበጠስም። ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ተገምዶ ዘንግ ይሆናል፣ ዘንጎቹ ደግሞ ተገምደው ኬብል ይሆናሉ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ ጓንት የሚይዝ እሾህ የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ከዚያ አንዳንድ ቦታ ላይ ይቀጥናል፣ ግራሶ ካላገኘ ከውስጥ ይዝጋል፣ ውጪውን አይተሽ ደህና ነው ልትዪ ትችያለሽ። ፑሌጃው (ኬብሉ የሚያልፍበት መንኮራኩር) ጎድጉዶ ጠርዝ ካወጣ በየዙሩ ይሞርደዋል። ኩሽኔታው (ፑሌጃውን የሚያዞረው ቤሪንግ) ከጠነከረ ፑሌጃው መዞር አቁሞ ኬብሉ በላዩ ላይ ይፋተጋል። ይሄ ሁሉ ሳምንታትና ወራት የሚፈጅ ነገር ነው፣ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ ቢያይ የሚታይ ነገር።

«ከአቅሙ በላይ ጫኑ» የሚለውን ደግሞ አትቀበይ። ለዕቃ ማንሻ ኬብል ሲመረጥ ከሚያነሳው ጭነት አብዛኛውን ጊዜ አምስት እጥፍ የሚችል ተደርጎ ነው። አዲስ ኬብል ቢሆን ሃያ ብሎኬት ተጨመረ ብሎ አይበጠስም፣ ከሱ በፊት ሞተሩ ያቃስታል፣ ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ የላይኛው ክንዱ ራሱ ይነሳል። ጭነት ጨምረው እንኳ ቢሆን ጭነቱ ኬብሉን የበጠሰው ኬብሉ ቀድሞ ስላለቀ ነው።

የምጠይቅሽ ሦስት ነገር ነው። የተበጠሰው የት ጋ ነው? ሳጥኑ ጋ ያለው ማሰሪያ ላይ ከሆነ ክላምፑ (የኬብሉን ጫፍ አጥፎ የሚያስረው መያዣ) ነው የሚጠረጠረው፣ ብዙ ሳይት ላይ ክላምፑን ገልብጠው ያስሩታል። ዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን መያዝ ያለበት ሥራ የሌለውን አጭሩን ጫፍ ነው፣ ጭነት በሚሸከመው በኩል ከሆነ እየጨፈለቀ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ላይ አቅሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ ወይስ ተነቅሏል? ሦስተኛ፣ የተበጠሰው ኬብል አሁን የት ነው ያለው? ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። ቁራሌው ሳይወስደው ፈልጊው። አዲስ ኬብል ከገባና አሮጌው ከጠፋ ነገ ሁሉም የፈለገውን ያወራል።

---

የድሮ ኮንትራክተር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድለት።

እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ደስ የማይልሽን ልናገር። ሰብ ኮንትራክተሩ ሀብታም አይደለም። ዛሬ አለ፣ ነገ ስልኩን ቀይሮ ሌላ ክፍለ ከተማ ሌላ ሥራ ይይዛል። ፍርድ ቤት ብትረቺውም የምትይዢበት ንብረት ላታገኚ ትችያለሽ። ስለዚህ ሽማግሌ ይግባ። ፎርማኑ ሰው መላኩ ራሱ በር ከፍቷል ማለት ነው። 50,000 ትንሽ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ማስረጃው ሳይጠፋ ብትነጋገሪ ከፍ ይላል። የማሽኑ ባለቤትም ሽምግልናው ላይ ይቀመጥ። አደጋ ደግሞ አደጋ ነው ልጄ፣ ማንም ብሎ አላደረገውም።

---

ችሎት

ጋሼ አክብሬዎት ነው፣ ግን «አደጋ ነው» የሚለው ላይ አልስማማም፣ ሕጉም አይስማማም። ሽምግልናው ይሁን፣ ችግር የለውም። መብቱን ሳያውቅ ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የሚሰጠውን ይዞ ነው የሚነሳው።

እህቴ፣ የሥራ ክርክር ላይ ነው የምሠራው፣ በአጭሩ ልሞክር።

ውል የለውም ላልሽው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ውል በጽሁፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም። በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ በጽሁፍ ሊሰጠው ይገባ ነበር፣ አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አይነካም። አብረውት የሠሩ ሰዎች ምስክርነት፣ የቅዳሜው የፊርማ ወረቀት ፎቶ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባለት ብር ካለ፣ ፎርማኑ የላከለት የስልክ መልእክት፣ ሆስፒታል ያስገባው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ይሄ ሁሉ ማስረጃ ነው።

ማንን ላልሽው፦ መጀመሪያ የቀጠረውንና የሚያዘውን፣ ብሩን የሚከፍለውን ሰው። ማሽኑ የኪራይ መሆኑ እሱን አያድነውም። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ዕቃው ነው የተበላሸው» የሚለው መልስ ለዚህ ነው የማይጠቅመው፣ ዕቃው ባይበላሽም ኃላፊ ነበር። ጥፋት ካለበት ደግሞ፣ ለምሳሌ ያለቀ ኬብል እያየ ካሠራ፣ ከዚህ በላይ ካሣ በሌላው ሕግ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ዋናውን ኮንትራክተርም አብሮ መክሰስ የተለመደ ነው፣ ማን አሠሪ እንደነበር ግልጽ ባልሆነበት ጉዳይ በተለይ። ፔሮል ላይ የለም ማለታቸው አይገርምም፣ ሰብ ኮንትራክተር የሚይዙት ለዚሁም ጭምር ነው።

የዊንቹ ባለቤትም አያመልጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ለጥቅሙ ብሎ የያዘው ተከራይም እንዲሁ። ሁለቱ ማን አበላሸ ብለው እርስ በርስ ይጠያየቁ፣ ያ የናንተ ጉዳይ አይደለም። ይሄኛው ክስ ግን በሥራ ክርክር ችሎት አይታይም፣ ለብቻው ነው፣ ዳኝነትም (የፍርድ ቤት ክፍያ) ይከፈልበታል። መክፈል ካልቻለ በደሃ ደንብ ይጠይቃል። የሥራ ክርክሩ ላይ ግን ሠራተኛ ዳኝነት አይከፍልም። እናትሽን ይሄን ንገሪያት።

አሁን ብሩን እናስላ፣ ምክንያቱም 50,000 ብዙ የሚመስለው ካልተሰላ ነው። የሕክምናው ወጪ በሙሉ የአሠሪው ነው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ አልጋው፣ ሰው ሠራሽ አካል ቢያስፈልግ እሱም። ከዚያ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። በወር 26 ቀን ቢሠራ ብለን በ600 ብር ብንይዘው ወሩ 15,600 ብር ይመጣል። ስድስት ወር ብቻ ቢተኛ 46,800 እና 35,100፣ በድምሩ 81,900 ብር ነው። ዓመቱን ቢሞላ 128,700 ይሆናል። ይሄ ሕክምናውን ሳይጨምር ነው።

ከዳነ በኋላ ቁርጭምጭሚቱ እንደተባለው ከቀረ ደግሞ ዘላቂ ጉዳት ነው። ስንት በመቶ እንደሆነ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፣ ፎርማኑ ወይም ሽማግሌው አይደለም። ጡረታ ይቆረጥለት ነበር? ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚገባው ማለቴ ነው። ከነበረ በዚያ በኩል ነው የሚሄደው። ካልነበረ፣ መድንም ካልገቡለት፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሰው አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን ይከፍላል፣ ከፊል ከሆነ በዚያው መጠን እየተሰላ። ቦርዱ 20 በመቶ ቢል የአንድ ዓመት ደመወዙ ማለት ነው፣ 187,200 ብር።

ወረቀቱን አይፈርም። ገንዘብ ከሰጡት «ለሕክምና የተከፈለ» ተብሎ ተጽፎ ይቀበል። «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ የፈረመ ሰው ይዞልኝ የሚመጣ ፋይል ከሁሉም የሚከብደኝ ነው።

ጊዜውንም ተጠንቀቁ። የሥራ ክርክሩ የአንድ ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) አለው፣ የማሽኑ ባለቤት ላይ ያለው የሁለት ዓመት። ሽማግሌ እየተቀጠረ ዓመቱ ሲያልቅ ያየሁት ጉዳይ ብዙ ነው፣ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው የሚጓተተው።

---

የአያቷ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን ሳይ እማዬም ዝም አለች።

@ግራሶ፣ በማግስቱ አዲስ ኬብል አስገብተው ሥራ ቀጥለዋል። የወንድሜ ጓደኛ እዚያው ይሠራል፣ አሮጌው ከዘበኛው ቤት ጀርባ እንደተጣለ ነው ብሎ ዛሬ ፎቶ ላከልኝ። ጫፉ ላይ ሽቦዎቹ እንደ ቡሩሽ ተበትነዋል፣ ውስጣቸው ቡናማ ነው። ሳጥኑ ጋ አይደለም የተበጠሰው፣ ከላይ ፑሌጃው አካባቢ ነው ይላል። የአቅም ሰሌዳ የሚባለውን አላየሁም አለኝ። ሌላው፣ ከአደጋው በፊት ዊንቹ ሲወጣ ይጮህ እንደነበርና ኦፕሬተሩ ለፎርማኑ ሁለት ጊዜ እንደነገረው ነገረኝ።

@ችሎት፣ ጡረታ አልተቆረጠለትም። ጥያቄ አለኝ፣ ሰብ ኮንትራክተሩ «ጭነት ሥር አትቁሙ እያልን» ብሎ ሲናገር ሰምቻለሁ። ይሄ ያሳጣን ይሆን?

---

ግራሶ

ቡናማው ከውስጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ከተበጠሰ በኋላ በአንድ ወር ጫፉ ሊዝግ ይችላል ብለው ይከራከራሉ፣ ስለዚህ ከጫፉ ራቅ ያለውንም አንሱት። አንድ ክንድ ያህል ወደኋላ ሄዶ ኬብሉን ትንሽ ከፈት አድርጎ ውስጡን ፎቶ ያንሳ። እዚያም ዝገት ካለ አንድ ወር አይደለም የሠራው። ውፍረቱንም በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይለካ፣ አንዱን ካልተጎዳው ቦታ፣ አንዱን ከተበጠሰበት አጠገብ። የሚጮኸው ፑሌጃው ነው፣ ኩሽኔታው አልቆ ነው ብዬ እገምታለሁ። አዲስ ኬብል ገጥመው ፑሌጃውን ካልቀየሩት ይሄኛውም በቅርቡ ይደግመዋል። ጓደኛው ከሥሩ እንዳይቆም ንገሪው።

---

ፌርፋክስ

ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ ክሬን ላይ ጭነት አሳሪ ሆኜ ነው የምሠራው፣ ቦሌ ቡልቡላም ሳይት ላይ ሠርቼ ስለመጣሁ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

እዚህ ሰው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም ልዩነቱ። እኛም እንሰንፋለን፣ አለቃውም ይቸኩላል። ልዩነቱ ወረቀቱ ነው። ክሬን በየፈረቃው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይታያል፣ በየወሩ ታይቶ ይጻፋል፣ በየዓመቱ ደግሞ ብቃት ያለው ሰው ፈትሾ ይፈርምበታል። ስለ ኬብል በቁጥር የተቀመጠ ነገር አለ። አንዱ ዘንግ ኬብሉን አንድ ጊዜ ዞሮ በሚመለስበት ርዝመት ውስጥ እዚህም እዚያም ስድስት ሽቦ ከተበጠሰ፣ ወይም አንድ ዘንግ ላይ ብቻ ሦስት ከተበጠሰ፣ ያ ኬብል ዕቃ አያነሳም። ውፍረቱ ከ5 በመቶ በላይ ከቀነሰም እንዲሁ። ክርክር የለውም፣ አለቃው ቢቆጣም ቆጥረሽ ታሳዪዋለሽ።

ታዲያ ሕግ ስላለ ችግር የለም ማለት አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ግንቦት መጨረሻ ኒውዮርክ ምሥራቅ 91ኛ መንገድ ላይ ታወር ክሬን ወድቆ ኦፕሬተሩና አንድ ሌላ ሠራተኛ ሞተዋል። ክሬኑ የሚዞርበት ትልቁ ቀለበት ተሰንጥቆ ነበር። አዲስ ከመግዛት ይልቅ በርካሽ አስበይደው መለሱት፣ ብየዳው ለቀቀ። የክሬኑ ባለቤት በወንጀል ክሱ ነጻ ተባለ። ቤተሰቦቹ በፍትሐ ብሔር ሲከሱት ግን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተፈረደበት። @ችሎት ስለ ዊንቹ ባለቤት ያለችው ነገር እዚህም ያው ነው ለማለት ነው። ኦፕሬተሩ ሁለት ጊዜ ነግሯል የተባለው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱን ሰው ፈልጉት።

---

ሳይት ኢንጂነር

ማንነቴን አልናገርም ግን ከዚህች ጥያቄ ጋር የሚመሳሰል ሳይት ላይ ነው ያለሁት፣ ስለዚህ ከውስጥ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዊንች በወር ነው የሚከራየው። ማሽኑ የቆመበት ቀን ከኪራዩ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ባለቤቱ እንዲቆም አይፈልግም። ሰብ ኮንትራክተሩ የሚከፈለው በካሬ ነው፣ ግንቡ ካልወጣ ብር የለም፣ እሱም እንዲቆም አይፈልግም። ኦፕሬተሩ ብዙ ጊዜ ከቀን ሠራተኛው መሃል «አንተ ፈጣን ነህ» ተብሎ የተወሰደ ልጅ ነው፣ ማሽኑን ባቆም ያባርሩኛል ብሎ ያስባል፣ ያባርሩታልም። ኮንሰልታንቱ (ግንባታውን የሚቆጣጠረው) ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ከመሞላቱ በፊት መጥቶ ፌሮ አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ዊንቹን ግን ቀና ብሎ አያየውም፣ የሕንጻው አካል አይደለማ! እኔም ቆሞ እንዲፈተሽ ስጠይቅ «ስንት ቀን?» ነው የምባለው፣ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። የጥገና መዝገብ የሚባል ነገር ደግሞ እኔ ባለፍኩባቸው ሳይቶች የለም፣ ያለውም አንድ ቀን ተቀምጠው የሞሉት ነው፣ በአንድ እስክሪብቶ።

ዊንቹ ዙሪያ አጥር የለም። አጥር ማለት አራት ቋሚና ቆርቆሮ ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ጭነቱ ከተነሳ በኋላ ሰው እንዳይገባ የሚያደርግ በር ካለ የልጁ እግር ዛሬ ደህና ነበር። ኬብሉ ቢበጠስ እንኳ።

@የድሮ ኮንትራክተር፣ ጋሼ ሰብ ኮንትራክተሩ ይጠፋል ያሉት ልክ ነው። ለዚህ ነው ዋናው ኮንትራክተር እንዳይወጣ ማድረግ ያለባቸው። እሱ ከሕንጻው ባለቤት የሚቀበለው ክፍያ ገና አላለቀም።

---

የድሮ ኮንትራክተር

ይሄን ተቀብያለሁ። ክፍያው ሳይዘጋ ቶሎ በሉ። እኔ በጊዜዬ ሁሉንም ዊንች የራሴ ነበር የማደርገው፣ የኪራይ ነገር ባለቤት የለውም። ግን ሽማግሌውን አትዝጉት ልጄ፣ ጠበቃዋ ያሰላችውን ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ።

---

ችሎት

በዚህ መልኩ ከሆነ እኔም እስማማለሁ ጋሼ።

@የአያቷ ልጅ፣ «ጭነት ሥር አትቁሙ ብለናል» ስላሉት፦ አሠሪው ነጻ የሚወጣባቸው ሁኔታዎች ጠባብ ናቸው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ሲገባ ነው። መመሪያው በግልጽ መሰጠቱን የማስረዳት ሸክም የነሱ ነው። ሥልጠና ሰጡት? ምልክት ለጠፉ? ሄልሜት ሰጡት? ደግሞስ ሥራው ዊንቹ ሥር መጫን የሆነ ሰው የት ይቁም? ኢንጂነሩ የነገራችሁ አጥር አለመኖሩንም ፎቶ አንሱ፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ ስለሚታይ መግባትም አያስፈልግም።

አሁን በቅደም ተከተል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀልም ያስጠይቃል፣ ለፍትሐ ብሔሩም ሪፖርቱ ይጠቅማችኋል። ፖሊሱ ኬብሉን በኤግዚቢት (በማስረጃነት) እንዲይዝላችሁ ጠይቁ፣ ጓደኛው ሰርቆ እንዳያወጣው፣ በኋላ እሱን ሌባ ያደርጉታል። በዚያው ቀን የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቺ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ ግዴታው ነበር፣ አላሳወቀም ብዬ እገምታለሁ፣ ይሄም ይያዝበታል። ተቆጣጣሪው ከመጣ ማሽኑን ያያል። የሆስፒታሉን ካርድ፣ የራጁን ውጤትና ደረሰኞችን በሙሉ ኮፒ አድርጊ፣ ዋናውን ለማንም አትስጪ። የሕክምና ማስረጃው ላይ «በሥራ ላይ የደረሰ» የሚል እንዲጻፍ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ «ወድቆ» ተብሎ ይጻፍና ያስቸግራል።

ጠበቃ መቅጠር ባትችሉ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ቢሮ አላቸው፣ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥም አሉ። ክሱን ይጽፉላችኋል።

---

የአያቷ ልጅ

የሕክምና ወረቀቱን አሁን አየሁት። በእውነት «ከከፍታ ላይ የወደቀ» ነው የሚለው! ከፍታ ላይ አልነበረም እኮ፣ ታች ነበር። ፎርማኑ ነው ሲያስገባው የነገራቸው መሰለኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጓደኛውና ሌላ አንድ ልጅ ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው፣ ግን እዚያው ሳይት ላይ ስለሆኑ ነገ «አትምጡ» ይሏቸዋል ብለው ይፈራሉ። ኦፕሬተሩ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ጠፍቷል፣ ወላይታ አገሩ ገብቷል ይላሉ።

---

ችሎት

ሐኪሙን አናግሪው፣ ታሪኩን የሰጠው ሌላ ሰው መሆኑን ነግረሽው ታካሚው ራሱ በተናገረው መሠረት እንዲስተካከል ጠይቂ። ካላስተካከሉትም አትደንግጪ፣ ፖሊስ ላይ ቃሉን ሲሰጥ ይሄንኑ ይግለጽ፣ ማን እንዳስገባው ካርዱ ላይ ስም ይኖራል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት በመሳተፉ ሠራተኛን ማባረር ሕገ ወጥ ነው። የቀን ሠራተኛን ግን «ሥራ አልቋል» ብለው ሊሸኙት እንደሚችሉ ልጆቹም ያውቃሉ፣ አልዋሽሽም። ስለዚህ አሁን ስማቸው አይነሳ። ፖሊስ ላይ ቃል ይስጡ፣ ፍርድ ቤት እስኪጠሩ ግን ሳይት ላይ አያውሩ። ኦፕሬተሩን ስልኩን ፈልጉት፣ ካገኛችሁት መጀመሪያ እንዳትጨቃጨቁት፣ እሱም እከሰሳለሁ ብሎ ነው የሸሸው። ለፎርማኑ እንደነገረ ካመነ ለራሱም ነው የሚጠቅመው።

---

ግራሶ

ኦፕሬተሩን ካገኛችሁት አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ መሬት ሲነካ ከበሮው (ኬብሉ የሚጠቀለልበት) ላይ ስንት ዙር ኬብል ይቀር ነበር? ቢያንስ ሁለት ሦስት ዙር መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ ባለቤቱ አጭር ኬብል ነው የገጠመው፣ ያ ደግሞ የኦፕሬተሩም የጫኙም ጥፋት አይደለም። የካሊፐሩን ልኬት ስታገኙ እዚሁ ጻፉት፣ ኬብሉ አዲስ ሲሆን ስንት ሚሊሜትር እንደነበር ከፑሌጃው ጉድጓድ መገመት ይቻላል።